አፈር የሚያቀልል ፍጥረት

የማቲያስን ሥራ ለሐበሻ ዘመድ ማስረዳት ውኃ መውቀጥ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ አንድ መኝታ አፓርታማው ተቀምጦ፣ በዓለም ላይ የሌለ እንስሳ ይፈጥራል። ቀልድ አይደለም፤ እንጀራው ነው። የኮምፒዩተር ጌም የሚሠራ ካምፓኒ «እንዲህ ያለ ዓለም አስበናል፤ በውስጡ የሚኖር ፍጥረት አምጣልን» ይለዋል። እሱ ደግሞ ፍጥረቱ ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚተነፍስ፣ ልጁን እንዴት እንደሚያሳድግ አስቦ፣ አጥንቱንና ጅማቱን ስሎ ያስረክባል። እሳት የሚተፋ ዘንዶ የሚፈልግ ሌላ በር ያንኳኳ። እሱ የሚሠራው፣ ዕድል ቀንቶት ቢፈጠር ኖሮ በእርግጥ መኖር የሚችለውን ነው።

ይህ ነገር የገባቸው እናቱ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ብቻ ነበሩ። ደውለው «ያ ሦስት ልብ ያለው ልጅህ እንዴት ሆነ?» ይሉት ነበር፣ ስለ ጎረቤት ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው። አባቱ አቶ ንጉሡ ግን «ልጅዎ ምን ይሠራል?» የሚላቸው ሲመጣ «ኮምፒዩተር ነው» ብለው ይገላገላሉ። ምን ያድርጉ! ሠላሳ ምናምን ዓመት የመንገድ መሐንዲስ ሆነው ተራራ ሲያስቆርጡ፣ ገደል ሲያስሞሉ፣ አፈር ሲያስጠቀጥቁ የኖሩ ሰው ናቸው። የሌለ ነገር መሥራት ለሳቸው ሥራ መፍታት ነው።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በኮሮናው ኅዳር፣ በልብ ሕመም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታቸው እንደተኙ አረፉ። ማቲያስ በዚያ ሳምንት በበሽታው ተይዞ አልጋ ላይ ስለነበር የእናቱን ቀብር ያየው እህቱ ሳራ በያዘችው ስልክ ነው። የታየውም ከሰው ትከሻና ከደመና በቀር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሚገርመው ግን፣ በአካል የቆሙት አቶ ንጉሡ ከዚያ ቀን ወዲህ መቃብሩን አንዴም አለመርገጣቸው ነው። የአርባው ዕለት ጉንፋን ይዞኛል አሉ። የሰማንያው ዕለት መንገዱ በረዶ ነው አሉ። በረዶ ነበር፣ እውነት ነው፤ ግን ሌላው ሰው ሁሉ ሄዷል።

አሁን ግንቦት ገብቶ መንፈቁ ደረሰ። ሳራ ከሄርንደን ደወለች።

«ማቲ፣ ስማኝ። ቀሲስ ልሳነወርቅን ኮንፈርም አድርጌያለሁ። እኔም ሺፍቴን ቀይሬያለሁ። አንተ አባባን ይዘህ መምጣት ብቻ ነው።»

«እንዴት አድርጌ? ልሸከማቸው?»

«እኔ እንጃ። ፈጣሪው አንተ አይደለህ እንዴ? አንድ ነገር ፍጠር።» ድምፅዋ ተለወጠ። «ማቲ፣ ከመንፈቁም ከቀሩ እኮ እየቀሩ ነው የሚሄዱት። እማዬን ቀብረን እሳቸውን ቁመው ልናጣቸው ነው።»

እውነቷን ነበር። አቶ ንጉሡ ቀን በቀን እየሳሱ ነበር። ሱሪያቸው በቀበቶ ብቻ ነው የሚቆመው። የተሰጣቸውን ምግብ በሹካ ከወዲያ ወዲህ አንከራትተው፣ አመስግነው፣ ይመልሳሉ። ሌላም ማቲያስ ያልገባው ነገር ነበረ፤ ሳር አይረግጡም። ከሕንፃው ወጥተው ፖስታ ሳጥኑ ጋ ለመድረስ መስኩን አቋርጦ መሄድ ሲቻል፣ እሳቸው ፓርኪንጉን ዞረው፣ አስፋልት አስፋልቱን ይዘው ይሄዳሉ። ሲጠየቁ «ጤዛው ጫማዬን ያበላሸዋል» ይላሉ፣ በቀትር።

ቅዳሜ ማቲያስ የዊልሰንን ድልድይ ተሻግሮ፣ ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን፣ ዞሮ አባቱ ቤት ደረሰ። መንገዱን ሙሉ ስለ መንፈቁ የሚናገረውን ሲያሰላስል መጥቶ፣ በሩ ሲከፈት ወኔው ከዳው። ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና የሥራ ሰው መሰለ። ሥራውስ እውነት ነበረበት። የካምፓኒው አዲስ ትእዛዝ ከመሬት በታች ያለ ዓለም ነበር፤ ብርሃን የማይደርስበት፣ በአፈር ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ፍጥረታት ዓለም። ዴድላይኑ አልፎ ሁለቴ ተራዝሞለታል። ችግሩ፣ እናቱ ከተቀበሩ ወዲህ ከመሬት በታች ብሎ ያሰበው ሁሉ አፍ ሆኖ ይወጣል። ጥርስ ያለው አፍ፣ ጥርስ የሌለው አፍ፣ የሚመጥ አፍ። ይስላል፣ ይደነግጣል፣ ያጠፋል።

ያን ዕለት እንደምንም አንድ ሠርቶ ነበር፤ ጥፍሩ አካፋ የሚያክል፣ አፍንጫው የሾለ፣ ወፍራም እንስሳ። አቶ ንጉሡ ውኃ ሊጠጡ ሲያልፉ ከትከሻው በላይ ቆሙ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ከመሬት በታች የሚኖር ነው አባባ። ጥልቅ ላይ።»

«ይቆፍራል?»

«ይቆፍራል።»

«የቆፈረውን የት ያደርገዋል?»

ማቲያስ ዞሮ አባቱን አያቸው። በሥራው ዐሥር ዓመት ሲኖር እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

«አየህ» አሉ አቶ ንጉሡ፣ ወንበር ስበው። ድምፃቸው ከስንት ጊዜ በኋላ የድሮውን ሳይት የሚያዘውን ሰው ድምፅ መሰለ። «የማያውቅ ሰው ችግሩ መቆፈር ይመስለዋል። ችግሩ የወጣው አፈር ማረፊያ ነው። ይኼ ከብትህ የቆፈረውን ወደ ኋላው ከጣለ መንገዱን በገዛ እጁ ዘጋ። ወደ ላይ እንዳያወጣው ሩቅ ነው። ስለዚህ ወይ ይበላዋል፣ ወይ ይጠቀጥቀዋል፣ ወይ እዚያው...»

አልጨረሱትም። ብድግ ብለው ወጥ ቤት ገቡ። ቧንቧው ሲፈስ፣ ሲፈስ ቆየ። ማቲያስ ምን እንዳስቀየማቸው ሊገባው አልቻለም። ሲመለሱ ውኃው በእጃቸው አልነበረም።

«ሳይቆፍር የሚሄድ አርገው» አሉ።

«ሳይቆፍር እንዴት ይሄዳል?»

«አፈር ድንጋይ መሰለህ? ጤነኛ አፈር ግማሹ ባዶ ነው። ውኃና አየር ነው። በአሸዋና በአሸዋ መካከል ቤት አለ፣ ጓዳ አለ፣ ኮሪደር አለ። ቀጭን ሆኖ ይግባ። አንተ ብቻ ወፍራም ነገር ትወዳለህ።»

ማቲያስ አዲስ ገጽ ከፈተ። አባቱ ይናገራሉ፣ እሱ ይስላል፤ እሱ ይጠይቃል፣ አባቱ ያፈርሳሉ። እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ፍጥረት ተወለደ። ከክር የቀጠነ፣ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ፣ ዓይን የሌለው። በሁለት የአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ይገባና ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ቅንጣቶቹ ፈቀቅ ይላሉ። ያን ጊዜ ውኃውን ተፍቶ ይከሳል፣ ያልፋል፤ ፈቀቅ ያሉት ግን ፈቀቅ እንዳሉ ይቀራሉ።

«ስሙ ማን ይሁን?» አለ ማቲያስ።

«በተጣሉ መካከል ገብቶ ዞር በሉ የሚል ምን ይባላል? ገላጋይ ነዋ።»

ያን ዕለት አቶ ንጉሡ የቀረበላቸውን ምሳ በልተው ጨረሱ። ማቲያስ እንዳላየ ሆኖ ሳህኑን አነሳ። ስለ መንፈቁ ትንፍሽ አላለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቱ ጢማቸውን ተላጭተው ጠበቁት። «ምነው ዘገየህ?» አሉት ገና ከደጅ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ያሰቡትን ይዘው ነበር። አዲሱ ፍጥረት ደቦ ይባላል አሉ። ብቻውን ምንም ነው፤ አንዱ ከሰሊጥ አይበልጥም። ክረምቱን በየፊናው ተበታትኖ ይተኛል። መሬቱ ሲሞቅ ግን ሺሕ በሺሕ ይሰበሰባል፣ እግር ለእግር ይያያዛል፣ ከዚያም ሁሉም ባንድ ትንፋሽ ጀርባቸውን ቀና ያደርጋሉ። መሬቱ የጥፍር ውፍረት ያህል ከፍ ይላል። «የጥፍር ውፍረት ቀላል ነገር እንዳይመስልህ» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «አንድ ሜዳ ሙሉ አፈር ነው። እኔ ያንን ለማንሳት ስንት ማሽን ያስፈልገኝ ነበር!»

ከደቦ ቀጥሎ እፎይታ መጣ። እፎይታ ረጅም፣ እንደ ቧንቧ ባዶ የሆነ ፍጥረት ነው። ከታች እስከ ላይ ተዘርግቶ ዕድሜውን ሙሉ አይንቀሳቀስም። ሲሞት ሥጋው ይጠፋና ቱቦው ይቀራል። «በእሱ አየር ይወርዳል» አሉ አቶ ንጉሡ፣ ሥዕሉን እያዩ። «እስከ ታች ድረስ።»

ማቲያስም በበኩሉ የሚያነበውን ያመጣላቸው ጀመር። ለሥራው ሲል የሚያገላብጠው ነበር፤ አሁን ግን እሱንም ያስደምመው ያዘ። አንድ ጭብጥ ለም አፈር ውስጥ በዓይን የማይታየው ነፍስ ቁጥር በምድር ላይ ካለው ሰው ሁሉ ይበልጣል። በአንዲት ዛፍ ሥር ያለው የሻጋታ ክር ቢመዘዝ የሚደርስበትን ሲያስቡት ያዞራል። ይህ ሁሉ በዝምታ፣ በጨለማ፣ ማንም ሳያመሰግነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ማቲያስ ይህን ጮክ ብሎ ሲያነብ አባቱ ራሳቸውን ይዘው አዳመጡ።

«ጉድ እኮ ነው!» አሉ። «ጉድ ነው! እኔ ይህንን ነው በግሬደር እያስገፈፍኩ ስጥል የኖርኩት። መንገድ ሲሠራ መጀመሪያ የላይኛው ጥቁር አፈር ተገፎ ይጣላል። ለምን መሰለህ? ሕይወት ያለው አፈር አይታመንም። ይተነፍሳል፣ ይወርዳል፣ ያብጣል። ለመንገድ የሚሆነው የሞተ አፈር ነው። የሞተ፣ በደንብ የተጠቀጠቀ።» በዚህኛው ጊዜ ግን ከወንበራቸው አልተነሱም።

ማቲያስ ሥዕሎቹን ደርድሮ አያቸው። ዓይኑ ሥር የነበረውን ነገር ያን ጊዜ ነው ያየው።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ።»

«የእርስዎ ፍጥረታት ሲበሉ አላየሁም። ሲጣሉም አላየሁም። ሁሉም ሥራቸው አንድ ነው። አፈሩን ያቀልላሉ።»

አቶ ንጉሡ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠርገውም አላደረጉትም።

«ቀብሩ ዕለት አንተ አልነበርክም» አሉ።

«በስልክ አየሁ እኮ።»

«ምን አየህ? ሳራ ስልኳን ሰማይ ሰማይ ስታሳይ ነው የዋለችው።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። «አፈሩን የሚመልሰው ልጅ ጠቅጣቂ ማሽን ይዞ መጣ። እዚህ አገር እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ በኋላ መሬቱ እንዳይሰረጉድ። አየሁት፣ አፈሩን ባንዴ ዘርግፎ ከላይ ከላዩ ሊነካካው ነው። ያ ሥራ አይደለም። እኔ... አፌ ቀደመኝ ማቲያስ። "ኖ፣ ኖ፣ በየንብርብሩ ነው" አልኩት። አስቆምኩት። ትንሽ አፈር፣ ጠቅጥቅ። ትንሽ አፈር፣ ጠቅጥቅ። ሰው ያለቅሳል፣ እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ አሠራዋለሁ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ያልኩትን አደረገ። ሲጨርስ በተረከዜ መታሁት። አስፋልት ልታነጥፍበት ትችላለህ። "ጉድ ጆብ" አልኩት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ።»

ማቲያስ ወንበሩን ወደ አባቱ አስጠጋ።

«ያን ጊዜ ቀሲስ መጡና እጄን ይዘው "አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው" አሉኝ።» አቶ ንጉሡ ሁለት እጆቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ እንዲሁ ይለኛል። አፈሩን ገለባ ያድርግላት። አፈሩን ገለባ ያድርግላት። እኔ ደግሞ ምን እንዳደረግሁባት አውቃለሁ። እናትህ ብርድ ልብስ እንኳን ሲከብዳት አትወድም ነበር። በእግሯ ገፍታ ነው የምትጥለው።»

«አባባ...»

«ቆይ። ተረከዜ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ላቦራቶሪው ሳይናገር የኔ ተረከዝ ይናገር ነበር። እዚያ ሄጄ ብቆም ይነግረኛል። ለዚህ ነው የማልሄደው። ጉንፋን አልነበረም።»

ማቲያስ ምን ይበል? «ሞተዋል እኮ፣ አይሰማቸውም» ይበል? ይህን አቶ ንጉሡ ሳያውቁት ቀርተው ነው? እውቀት ልብ ውስጥ የገባን ነገር መች አውጥቶ ያውቃል! ተነስቶ አባቱን አቀፋቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ ትከሻ ለትከሻ እየተገጫጩ ሰላም ከመባባል በቀር ተቃቅፈው አያውቁም ነበርና ሁለቱም እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው።

«የሚመጣው ቅዳሜ መንፈቃቸው ነው» አለ ማቲያስ በመጨረሻ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሸከመው ቃል ይህ ብቻ ነበር።

«አውቃለሁ። እስከ መካነ መቃብሩ እመጣለሁ። ከመኪና ግን አልወርድም። ካወረድከኝ ወንድ ልጅ አልወለድኩም።»

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሞቅ ያለ ዝናብ ዘነበ። ሳራና ቀሲስ ልሳነወርቅ የሚመቻቸው ከሥራ በኋላ ስለነበር፣ ማቲያስና አባቱ መካነ መቃብሩ ሲደርሱ ቀኑ ወደ ማምሻው አዘንብሏል። ሰማዩ ደመና ነው፣ አየሩ እንደ ገላ ይሞቃል። የወይዘሮ የዓለምዘርፍ መቃብር ከውስጥ መንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ዋርካ የሚያክል የኦክ ዛፍ አጠገብ ነው። ማቲያስ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። አባቱ ጥቁር ኮታቸውን እንደለበሱ፣ የመኪናውን ቀበቶ እንደታሰሩ፣ ፊት ለፊት እያዩ ቁጭ አሉ። ቃላቸው ቃል ነው። ቀድማ ደርሳ ከቀሲስ ጋር የቆመችው ሳራ ከሩቅ ዓይኗን አፈጠጠችበት፤ እሱም ትከሻውን ነቀነቀ።

መስኮቱን ዝቅ አድርጎላቸው ሊወርድ ሲል አቶ ንጉሡ «ዝናቡ ተመለሰ እንዴ?» አሉ።

አዳመጠ። ቅጠል ላይ የሚያርፍ ካፊያ የሚመስል ድምፅ፣ ከየአቅጣጫው ይመጣል። እጁን በመስኮት አወጣ። ደረቅ ነው። ዝናብ የለም።

ያን ጊዜ የጎን መስታወቱ ላይ አንድ ነገር ሲወጣ አዩ። ቡናማ፣ ጎባጣ፣ የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል፣ ጭቃ የለበሰ። ፊተኛ እግሮቹ የዶማ ቅርጽ አላቸው። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። ማቲያስ አባቱን ማየት ረስቶ ወደ መሬቱ ተመለከተና ፀጉሩ ቆመ። መሬቱ ይንቀሳቀሳል። ከሳሩ መካከል፣ ከወደቀው ቅጠል ሥር፣ ከየመቃብሩ ዳር፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ወጥተው ወደ ዛፉ ይጓዛሉ። እንደ ካፊያ የተሰማው የእግራቸው ኮሽታ ነው።

«ሲካዳ የሚሏቸው ነፍሳት ናቸው» አለ፣ ድምፁ ሳይታወቀው ዝቅ ብሎ። ዜናውን ሰምቷል፤ ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑ ሁሉ ስለ እነሱ ነበር የሚያወራው። ግን በወሬ መስማትና መሬት እንዲህ አፏን ስትከፍት ማየት ለየቅል ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውሬ ሲፈጥር የኖረ ሰው፣ ከመኪናው ወርዶ እንደ ሕፃን ቆሞ ቀረ።

የመኪናው በር ሲከፈት ሰማ። አቶ ንጉሡ አስፋልቱ ላይ ቆመዋል።

«ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከመሬት ውስጥ። አሥራ ሰባት ዓመት እዚያ ነበሩ፣ አባባ።»

«ስንት?»

«አሥራ ሰባት። በጨለማ። የዛፍ ሥር እየመጠጡ።»

አቶ ንጉሡ ጣታቸውን አጣጥፈው ቆጠሩ። «እኛ ወደዚህ አገር ሳንመጣ የገቡ ናቸዋ!» አሉ። «ታዲያ ሁሉም ባንድ ቀን ውጡ የሚላቸው ማን ነው?»

«በትክክል የሚያውቅ የለም። ዛፉ ባበበ ቁጥር ከሥሩ ጣዕም ዓመቱን ይቆጥራሉ የሚሉ አሉ።»

«ይህንን አንተ ስለህ ብታመጣልኝ ኖሮ» አሉ አቶ ንጉሡ ቀስ ብለው፣ «አይሆንም፣ ውሸት በዛበት ብዬ እመልስልህ ነበር።»

የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ጎንበስ አሉ። አፈሩ ላይ ትንሽ ጣት የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ አለ። አጠገቡ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ሌላ። ዓይናቸው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ሲሄድ እግራቸው ተከተለ፤ ሳሩን እንደረገጡ አላወቁም። ማቲያስ አወቀ። ሳራ ልትናገር ስትል በእጁ ዝም አሰኛት።

ከዛፉ ሥር ቀዳዳው ለቁጥር ያስቸግር ነበር። አቶ ንጉሡ አንዱ ዘንድ ተንበርክከው ጣታቸውን ሰደዱበትና የውስጡን ግድግዳ ዳሰሱት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ማቲያስ፣ ና እስቲ ንካው።»

ነካው። ለስላሳ ነው፣ እንደ ተለሰነ ግድግዳ።

«አልጣሉትም» አሉ አባቱ። «የቆፈሩትን የትም አልጣሉትም። ወደ ጎን ጠቅጥቀውታል። በየንብርብሩ!» ዓይናቸው ዕንባ ሞልቶ፣ የሙያ ጓደኛ እንዳገኘ ሰው ይናገሩ ነበር። «ጠቅጥቀው ነው መውጫቸውን የሠሩት። እኔ መጠቅጠቅ መዝጋት ብቻ ነበር የሚመስለኝ።»

ቀና ሲሉ ራሳቸውን ከባለቤታቸው መቃብር አጠገብ አገኙት። ሳሩ ገና ስስ ነው፤ የኅዳሩ አፈር በመሐል በመሐሉ ይታያል። እዚያ ላይ ቀዳዳው እንደ ሌላው ቦታ አልበዛም። ግን አለ። እዚህ አንድ፣ ወደ ራስጌው ሦስት፣ ወደ ግርጌው ደግሞ ሌላ፣ አፉ ገና እርጥብ የሆነ። አቶ ንጉሡ ረጅም ጊዜ አዩት።

«መቃብሩ ሲቆፈር ይኼም ከአፈሩ ጋር አብሮ ወጣ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሲመለስ አብሮ ገባ። እኔ ሳስጠቀጥቀው ውስጡ ነበር። ይህ ሁሉ በላዩ ላይ ሲሆን ዝም ብሎ ዓመቱን ይቆጥር ነበር።»

ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸውንም። ሳራ አፏን በእጇ ያዘች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ በባዶ እግራቸው ወደ መቃብሩ ወጡና ተረከዛቸውን አሳረፉ። ማቲያስ እንደዚያች ቅጽበት በሕይወቱ ፈርቶ አያውቅም። ተረከዙ ምን እንደነገራቸው አልተናገሩም። እግራቸውን ሲያነሱ ግን መሬቱ ላይ ጥልቅ የእግር ቅርጽ ቀርቶ ነበር፣ አምስቱ ጣቶች ሳይቀሩ።

ከዚያ ቁጭ አሉ። ቁጭ ባሉበት፣ ከእርጥቡ ቀዳዳ አንዱ ወጣ። ዛፉ ሩቅ ሆኖበት ይሁን ወይ ደክሞት፣ የሳቸውን ኮት እጅጌ ይዞ ሽቅብ ጀመረና ክንዳቸው ላይ ደርሶ ቆመ። ጀርባው ተሰነጠቀ። ከቡናማው ልብስ ውስጥ እንደ ወተት የነጣ፣ ዓይኑ የቀላ ሌላ ፍጥረት ቀስ ብሎ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ወጣ። ክንፉ የተጨማደደ ነበር፤ እያዩት ተዘረጋ፣ ረዘመ፣ ብርሃን አሳለፈ። ማቲያስ የሠራቸው ፍጥረታት ሁሉ ትዝ አሉትና ከዚህ በማነሳቸው በማፈር ፋንታ ደስ አለው።

ቀሲስ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ብርሃኑ ሳይከዳቸው ፍትሐቱን ሊያደርሱ ቆመዋል።

«ቀሲስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ አቶ ንጉሡ፣ ክንዳቸውን እንደዘረጉ ሳይነቃነቁ። «ክንፉ እስኪደርቅ ይታገሱን።»

ቄሱ በአቶ ንጉሡ ክንድ ላይ ያለውን አዩ። አማተቡና መጽሐፉን ዘጉ። ሳራ ሳሩ ላይ ተቀመጠች፣ ማቲያስም አጠገቧ። ዙሪያቸውን መሬቱ ሲያንሾካሹክ፣ አቶ ንጉሡ ነፃ የሆነውን እጃቸውን አፈሩ ላይ አኖሩ። ከኅዳር ወዲህ የባለቤታቸውን ስም አንድ ቀን ጠርተው አያውቁም ነበር። «እናትህ»፣ «እናትሽ» ነበር የሚሉት።

«ዓለሜ» አሉ። «ስድስት ወር አስጠበቅሁሽ። መጥቻለሁ።»